በውኃ ምልክት የሚመሩ የቻይንኛ ፊደላትን እንዴት ማጥናት ይቻላል

ቻይንኛ ማንበብ የሚጀምር ሰው የሚቸገረው በፊደሉ ብዛት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላው ጋር የማይዛመድ የተለየ ሥዕል መስሎ ስለሚታየው አንዱን ሲይዝ ሌላው ይጠፋበታል። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መደበኛ ሠንጠረዥ 8,105 ፊደላትን ይዘረዝራል፤ ይህን ሁሉ በተናጠል ለመሸምደድ መሞከር አድካሚም አላስፈላጊም ነው፤ ምክንያቱም ፊደላቱ በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ክፍሎች እየተጣመሩ የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን ብቻ ወስዶ፣ አጻጻፉን፣ የሚቀመጥበትን ቦታና ከጎኑ ያለው ክፍል የሚሰጠውን ድምፅ ጠንቅቆ ማወቅ ለቀሩት ሁሉ የሚያገለግል ልማድ ያስይዛል። ለዚህ ሥራ ከውኃ ምልክት የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ቻይናውያን ቡሾው የሚሉትን ክፍል በዚህ ጽሑፍ መሪ ምልክት እለዋለሁ። መሪ ምልክት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ፊደላት በየምድባቸው የሚሰበሰቡበት ክፍል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የፊደሉን ትርጉም ጠቅላላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ይህን አመዳደብ የጀመረው በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ሊቅ ሹ ሸን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ100 አካባቢ አዘጋጅቶ በ121 ለቤተ መንግሥት በቀረበለት መዝገበ ቃላቱ 9,353 ፊደላትን በ540 መሪ ምልክቶች ሥር አደራጅቷል። በ1716 የወጣው የካንግሺ መዝገበ ቃላት የተጠቀመው 214 መሪ ምልክቶችን ሲሆን፣ ውኃ በዚያ ተራ 85ኛው ነው። ብዙ ተማሪዎች እነዚህን 214 ምልክቶች ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ለመያዝ ይነሣሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። ግማሽ ያህሉ በዕለት ንባብ ውስጥ እምብዛም የማይገጥሙ ስለሆኑ፣ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ይህን መመሪያ ሲያነቡ እርሳስ፣ ካሬ መስመር ያለው ደብተርና የቻይንኛ መዝገበ ቃላት የያዘ ስልክ አጠገብዎ ይኑር። ፊደላቱን እዚህ የምገልጻቸው በቃል ነው፤ እርስዎ ደግሞ እያንዳንዱን ከመዝገበ ቃላቱ አውጥተው በእጅዎ ይጻፉ። ድምፃቸውን በፊደላችን ስጽፍ የድምፅ ቃናቸውን፣ ማለትም ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበትን መንገድ፣ ማሳየት ስለማይቻል፣ ቃናውን ከመዝገበ ቃላቱ ሰምተው ከጎኑ ያስፍሩ።

ሦስቱ የውኃ ቅርጾች

ውኃ በቻይንኛ ሽዌይ ይባላል። በጥንታዊው የአጥንት ላይ ጽሕፈት መካከሉ ላይ የተጠማዘዘ የወንዝ መስመር፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ጠብታዎች ነበሩት። ዛሬ ራሱን ችሎ ሲጻፍ አራት ጭረት አለው። መጀመሪያ መካከለኛው መስመር ከላይ ወደ ታች ወርዶ ጫፉ ላይ ወደ ግራ በትንሽ መንጠቆ ይቆማል። ቀጥሎ በግራ በኩል አጭር አግድም መስመር ተሥሎ እርሳሱ ሳይነሣ ወደ ታችና ወደ ግራ ይታጠፋል። ሦስተኛው በቀኝ በኩል ከላይ ወደ መካከሉ የሚዘነብል አጭር ጭረት ሲሆን፣ አራተኛው ከዚያው ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታች እየሰፋ ይወርዳል።

ሁለተኛው ቅርጽ በሌላ ክፍል ግራ የሚቆመው ነው። ቻይናውያን ሳን ዲየን ሽዌይ፣ ማለትም ባለ ሦስት ነጥብ ውኃ ይሉታል። በንባብ ከሚያገኟቸው የውኃ ፊደላት እጅግ የሚበዙት ይህን ቅርጽ የያዙ ስለሆኑ፣ ጊዜዎን በዋናነት በእርሱ ላይ ያውሉ።

ሦስተኛው ቅርጽ ከፊደል ግርጌ የሚቀመጥ ባለ አምስት ጭረት ሲሆን የሚገኝባቸው ፊደላት ጥቂት ናቸው። ለምሳሌ ታይ የሚባለው፣ የሰላምና የእርጋታ ትርጉም ያለውና የታይላንድ የቻይንኛ ስም የሚጀምርበት ፊደል በዚህ ቅርጽ ላይ ያርፋል። ምንጭ የሚል ትርጉም ያለው ቹዌን ግን ባይ ከሚባለው ነጭ ከሚል ፊደል በታች ሙሉውን ባለ አራት ጭረት ውኃ ይዟል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ በቂ ነው፤ ብዙ ልምምድ አያስፈልጋቸውም።

ሦስቱን ነጥቦች መጻፍ

ጀማሪዎች ሦስቱንም ነጥቦች ከላይ ወደ ታች አንድ ዓይነት አድርገው ያስቀምጧቸዋል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች ከላይ ወደ ቀኝ ታች ይወርዳሉ። ሦስተኛው በተቃራኒው ከግራ ታች ተነሥቶ ወደ ቀኝ ላይ በፍጥነት የሚሰነዘር ጭረት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እጅ ሦስተኛውን ጭረት ሲጨርስ የቀኙ ክፍል ወደሚጀመርበት ቦታ ተቃርቦ ስለሚገኝ ጽሑፉ ሳይቆራረጥ ይቀጥላል።

መካከለኛው ነጥብ ከላይኛው ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ይበል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ቀጥ ያለ ዓምድ ሳይሆን ቀለል ያለ ቅስት ይሠራሉ። ስፋታቸው ከካሬው አንድ ሦስተኛ አይበልጥ፤ ቀሪው ቦታ የቀኙ ክፍል ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ሦስቱን ነጥቦች ብቻ ደጋግሞ መጻፍ ብዙ አይጠቅምም። ከመጀመሪያው ከቀኝ ክፍል ጋር አጣምረው ቢጽፉ የስፋቱን መጠን እጅዎ በቶሎ ይለምዳል።

ግራው ጉዳዩን፣ ቀኙ ድምፁን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንገባለን። ከቻይንኛ ፊደላት አብዛኞቹ ሁለት ሥራ የተከፋፈሉ ክፍሎች አሏቸው፤ አንዱ ክፍል ጉዳዩ ምን እንደሚመለከት ሲጠቁም፣ ሌላው ፊደሉ እንዴት እንደሚነበብ ይጠቁማል። ሹ ሸን ይህን ዓይነት ሲያብራራ በምሳሌነት ያቀረባቸው ሁለት ፊደላት ሁለቱም በውኃ የሚመሩ መሆናቸው ለእኛ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ እነርሱም ጂያንግ እና ኸ ናቸው።

ሁለቱም ዛሬ ወንዝ ማለት ናቸው። በጥንቱ ጽሑፍ ግን ጂያንግ የያንግትዜ፣ ኸ ደግሞ የቢጫው ወንዝ የተለየ ስም ነበር፤ በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ በደቡብ ቻይና ያሉ ብዙ ወንዞች ጂያንግ፣ በሰሜን ያሉት ደግሞ ኸ ተብለው ይጠራሉ። የጂያንግ ቀኝ ክፍል ጎንግ የሚባለው፣ ሥራ ማለት የሆነውና ሁለት አግድም መስመሮችን አንድ ቁም መስመር የሚያገናኝበት ባለ ሦስት ጭረት ፊደል ነው። የኸ ቀኝ ክፍል ከ የሚባለው፣ ይቻላል የሚል ትርጉም ያለው ባለ አምስት ጭረት ፊደል ነው። ሥራም ሆነ መቻል ከወንዝ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ እዚያ የተቀመጡት ለድምፃቸው ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ መረዳት ግድ ነው፤ ምክንያቱም በየድረ ገጹ «የሚሠራ ውኃ ወንዝ ይሆናል» የሚል ዓይነት የፈጠራ ታሪክ ይቀርባል። እንዲህ ያለው ታሪክ ለአንድ ፊደል ቢረዳም፣ ድምፅ ሰጪውን ክፍል ከነጭራሹ እንዳያዩት ስለሚያደርግ ለሚቀጥሉት ሃምሳ ፊደላት ይጎዳል።

ስለዚህ አዲስ የውኃ ፊደል ሲያገኙ በእርሳስዎ ቀኙን ክፍል ይሸፍኑና ከውኃ፣ ከፈሳሽ ወይም ከርጥበት ጋር የሚገናኝ ነገር እንደሆነ ይገምቱ። ቀጥሎ ግራውን ሸፍነው የቀኙን ክፍል ለብቻው ያንብቡ። ሐይቅ የሚለውን ሁ ይውሰዱ፤ ቀኙ ለብቻውም ሁ ተብሎ በዚያው ቃና ይነበባል። ውቅያኖስ የሚለው ያንግ በቀኙ በግ የሚል ትርጉም ያለውን ያንግ ይዟል፤ ድምፁም ቃናውም አንድ ነው። ዘይት የሚለው ዮው እንዲሁ በቀኙ ዮው የሚባል ፊደል አለው። እነዚህን ሦስቱን አስቀድመው ይያዙ፤ ሥርዓቱ ሳይዛነፍ ሲሠራ የሚታይባቸው ናቸውና።

ድምፁ የተለወጠባቸው

ሥርዓቱ ሁልጊዜ እንዲህ አይቃናም። ጎንግ ወደ ጂያንግ፣ ከ ወደ ኸ እንዴት እንደሄዱ ተማሪው ቢጠይቅ ትክክል ነው። ፊደላቱ የተሠሩት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በነበረ አነጋገር ሲሆን፣ ቋንቋው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በካንቶንኛ ወንዝ የሚለው ፊደል ጎንግ፣ ሥራ የሚለው ደግሞ ጉንግ ተብለው ስለሚነበቡ ጥንታዊው ቅርበት በደቡብ እስከ ዛሬ ይሰማል። በመደበኛው ቻይንኛ ግን የመጀመሪያው ድምፅ ተለሳልሶ ርቋል።

ባሕር የሚለው ሃይ ይበልጥ የራቀ ነው፤ ቀኙ ሜይ የሚባል፣ እያንዳንዱ ማለት የሆነ ፊደል ነው። ላብ የሚለው ሃን በቀኙ ጋን አለው፤ እዚህ ላይ መጨረሻው ስለሚገጥም ማስታወሱ ይቀላል። እንግዲህ ድምፅ ሰጪው ክፍል የሚሰጠው ፍንጭ እንደሆነ ይቁጠሩት። በደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ምልክት ቢጠቀሙ ይረዳዎታል፤ ድምፁ ፍጹም የሚገጥመውን በክብ፣ በከፊል የሚገጥመውን በግማሽ ክብ፣ የራቀውን በመስቀል ይለዩ። ተደጋጋሚ ክለሳ የሚያስፈልጋቸው ባለ መስቀሎቹ ናቸው።

ጥቂት ፊደላት ደግሞ ድምፅ ሰጪ የላቸውም፤ ሁለቱም ክፍሎች ትርጉም ይሰጣሉ። እንባ የሚለው ሌይ በዛሬው የቻይና አጻጻፍ ግራው ውኃ፣ ቀኙ ሙ የሚባለው ዐይን ነው። አሸዋ የሚለው ሻ በቀኙ ጥቂት የሚል ትርጉም ያለውን ሻው ይዟል፤ ሹ ሸን ውኃ ሲያንስ አሸዋው ይታያል ብሎ ተረድቶታል፤ ድምፁም መቀራረቡን ልብ ይበሉ።

ቤተሰብ እየመሠረቱ ማጥናት

ከዚህ በኋላ ነው ጥናቱ ፍሬ የሚሰጠው። አንድ የውኃ ፊደል ሲይዙ ቀኙን እንደያዙ ግራውን ብቻ ይለውጡ። ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ቺንግ ነው። ቀኙ ቺንግ የሚባል፣ ሰማያዊና አረንጓዴን የሚያካትት ቀለም የሚገልጽ ባለ ስምንት ጭረት ፊደል ነው። በግራው ውኃ ሲቆም ጥርት ያለ ማለት ይሆናል፤ ከ1644 እስከ 1912 ቻይናን የገዛው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ስም የሚጻፈውም በዚሁ ነው። ውኃውን አንሥተው የንግግር ምልክት ቢያስገቡ እባክዎ፣ መጋበዝ፣ መጠየቅ የሚል ፊደል ያገኛሉ። የልብ ምልክት ሲገባ ስሜት፣ የፀሐይ ምልክት ሲገባ ጠራራ ሰማይ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ በቃና ቢለያዩም ቺንግ ተብለው ይነበባሉ። የዐይን ምልክት ሲገባ ግን የዐይን ብሌን የሚለው ጂንግ ይሆናል፤ ድምፁ ጥቂት ተንሸራቷል።

አምስቱን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉና ግራቸውን ብቻ በቀይ ያቅልሙ። በዚህ አንድ ገጽ ውኃን ብቻ ሳይሆን ንግግርን፣ ልብን፣ ፀሐይንና ዐይንን የሚመለከቱ መሪ ምልክቶችንም አብረው ያጠናሉ፤ 214ቱን በዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግም ያልሁት ለዚህ ነው።

ባው የሚባለው፣ መጠቅለል ማለት የሆነው ፊደልም ተመሳሳይ ቤተሰብ አለው። ከውኃ ጋር ፓው ተብሎ መዘፍዘፍና አረፋ፣ ከእጅ ጋር ባው ተብሎ ማቀፍ፣ ከእግር ጋር ፓው ተብሎ መሮጥ፣ ከምግብ ጋር ባው ተብሎ መጥገብ ይሆናል። ሌላው እጅግ ጠቃሚ ጥንድ ደግሞ መጠማትና መጠጣት ናቸው። የሁለቱም ቀኝ አንድ ነው፤ ከ ተብሎ የሚነበበው መጠማት ውኃን፣ ኸ ተብሎ የሚነበበው መጠጣት ደግሞ አፍን በግራው ይይዛል። ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ያለማቋረጥ ያምታቷቸዋል። የሚጠጣው አፍ፣ የሚናፈቀው ውኃ መሆኑን ካስተዋሉ አይሳሳቱም።

ውኃው የማይታይባቸው

በዕለት ንባብ ከሚደጋገሙት የውኃ ፊደላት አንዳንዶቹ ከውኃ ጋር የሚያያዝ ነገር ያላቸው አይመስሉም። እነዚህን በየታሪካቸው ማወቅ ይሻላል።

ሜይ የሚለው የለም ወይም አልሆነም የሚል ትርጉም ያለው ፊደል መነሻው መስጠም ነበር፤ ሞ ተብሎ ሲነበብ ይህን ትርጉሙን አሁንም ይዟል። ሕግ የሚለው ፋ በጥንቱ አጻጻፍ ጥፋተኛውን ለይቶ የሚያባርር ጂ የተባለ የአፈ ታሪክ እንስሳም በውስጡ ነበረበት። ሹ ሸን እንደሚለው ውኃው የገባው ሕግ እንደ ውኃ ገጽ የተስተካከለ መሆን ስላለበት ነው። ዛሬ እንስሳው ወጥቶ ውኃውና መሄድ የሚለው ክፍል ብቻ ቀርተዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሃን ነው። ሃን ዉሃን ከተማ ላይ ከያንግትዜ ጋር የሚቀላቀል ወንዝ ነው። ሊዩ ባንግ እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ206 የሃን ንጉሥ ተብሎ በዚያ ወንዝ ስም በሚጠራ ግዛት ላይ ተሾመ፤ በኋላም ያቋቋመው ሥርወ መንግሥት ያንኑ ስም ያዘ። ከሥርወ መንግሥቱ ስሙ ለሕዝቡ፣ ለቋንቋውና ለጽሕፈቱ ተላለፈ። የቻይንኛ ፊደል ራሱ ሃንዚ ሲባል የመጀመሪያው ምልክቱ በሦስት የውኃ ነጥቦች የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

የሚያሳስቱ ተመሳሳዮች

በግራቸው ሁለት ነጥብ ብቻ ያላቸው ፊደላት የሚመሩት በበረዶ ምልክት ነው። ቀዝቃዛ የሚለው ለንግ፣ በረዶ የሚለው ቢንግና መቀዝቀዝ የሚለው ዶንግ ከዚህ ወገን ናቸው። ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ነገር አለ፤ መወሰን፣ መቀነስ፣ ንጹሕና ነፋሻ የሚሉት ፊደላት በቻይና በሁለት ነጥብ፣ በታይዋን ግን በሦስት ነጥብ ይጻፋሉ። የሚማሩት የትኛውን አጻጻፍ እንደሆነ ወስነው በአንዱ ይጽኑ።

አልኮል መጠጥ የሚለው ጂዮው እና መርጨት የሚለው ሳ የሚለያዩት በአንድ ጭረት ነው፤ በጂዮው ቀኝ ክፍል ውስጥ አንድ ተጨማሪ አግድም መስመር አለ። ጂዮው ሌላም ችግር አለበት፤ ግራው ሦስት ነጥብ ቢሆንም በካንግሺ ሥርዓት የተመደበው በቀኙ ባለው የመጠጥ ዕቃ ምልክት ሥር ነው። እንደዚሁ የዱር ዝይ ዓይነት ወፍ የሚለው ሆንግ በውኃ ነጥቦች ቢጀምርም መሪው ወፍ ነው፤ ወንዝ የሚለው ጂያንግ በሙሉው ገብቶ ለድምፅ ብቻ ያገለግላል። መውደቅ የሚለው ልዎም ሦስቱን ነጥቦች በውስጡ ቢይዝ መሪው ከላዩ ያለው የሣር ምልክት ነው። አንድ ፊደል በውኃ ሥር ፈልገው ካጡት እነዚህን ያስታውሱና ሌላውን ክፍል ይሞክሩ።

በመዝገበ ቃላት መፈለግ

የማያውቁትን ፊደል በወረቀት መዝገበ ቃላት ለመፈለግ ሦስቱን ነጥቦች ትተው የቀረውን ጭረት ይቁጠሩ። ኸ የሚለው ወንዝ ቀኙ አምስት ጭረት ነው፤ አንድ አግድም፣ ሦስት ለአፉ ካሬ፣ አንድ ባለ መንጠቆ ቁም መስመር። ካሬው በሦስት ጭረት እንጂ በአራት እንደማይጻፍ ያስተውሉ፤ የላይኛውና የቀኙ ጎን በአንድ ጊዜ ይሣላሉ። እንግዲህ በውኃ ምድብ ውስጥ «5» ከሚለው ቁጥር ሥር ያገኙታል። ሐይቅ የሚለውን በ«9»፣ ባሕር የሚለውን በ«7» ሥር ይፈልጉ።

ምድቡ ራሱ ያለበት ቦታ እንደ መዝገበ ቃላቱ ይለያያል። በካንግሺ ሥርዓት የሚሄዱት ሦስቱንም ቅርጾች በባለ አራት ጭረቱ ሙሉ ውኃ ሥር ይሰበስባሉ፤ የዛሬዎቹ የቻይና መዝገበ ቃላት ግን ሦስቱን ነጥቦች በባለ ሦስት ጭረቶች ዝርዝር ውስጥም ያሳያሉ። በስልክ ፊደሉን በጣት መጻፍ ይቻላል፤ ያም ሆኖ የጭረቱን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው በቶሎ ያገኘዋል።

በካርታ ላይ መለማመድ

የቦታ ስሞች በውኃ ፊደላት የተሞሉ ስለሆኑ ከሁሉ የሚሻለው መለማመጃ ካርታ ነው። በቻይና ካርታ ላይ ሻንግሃይን፣ ዠጂያንግን፣ ሄይሎንግጂያንግን፣ ሁቤይንና ሁናንን ይፈልጉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሐይቁ ሰሜንና ከሐይቁ ደቡብ ማለት ሲሆኑ ሐይቁም ዶንግቲንግ ነው።

ቀጥሎ በቻይንኛ የተዘጋጀ የአፍሪካ ካርታ ይክፈቱ። አህጉሩ ፌይጆው ይባላል፤ ሁለተኛው ፊደል በግራው ሦስቱን ነጥቦች፣ በቀኙ ጆው ተብሎ በዚያው ድምፅ የሚነበበውን ክፍል ይዟል። ዓባይ ቺንግ ኒሉዎ ኸ ተብሎ ተጽፎ ያገኙታል፤ የመጀመሪያው ፊደል ጥርት ያለ የሚለውን ሲያጠኑ በቀኝ ያዩት ቺንግ ያለ ውኃ ነጥቦቹ ሲሆን፣ የመጨረሻው ወንዝ ነው። ነጭ ዓባይ ባይ ኒሉዎ ኸ ይባላል፤ ባይ ምንጭ በሚለው ፊደል ላይ ውኃውን ተጭኖ ያገኙት ክፍል ነው። ጣና ሐይቅ በሁ ያበቃል። ቀይ ባሕር ሆንግ ሃይ ነው፤ ሆንግ በግራው የሐር ምልክት፣ በቀኙ ደግሞ በጂያንግ ውስጥ ያገኙት ጎንግ አለው። እነዚህን ስሞች መዝገበ ቃላት ሳያዩ ይገልብጡ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ፊደል ሥር ጉዳዩን የሚጠቁመውን ክፍል በአንድ መስመር፣ ድምፁን የሚሰጠውን በሁለት መስመር ያስምሩ፤ ያላወቁት ክፍል ቢኖር እርሱን የሚቀጥለው ቤተሰብዎ መነሻ ያድርጉት።